መስመር ጠራጊ

ሞደም ምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ሁልጊዜ ከስልኩ ነበር የምጀምረው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ የስልክ ሽቦ ደግሞ የሚሸከመው ድምፅ ነው። ስለዚህ በመሀላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ሞደም ማለት ቁጥሩን ወደ ድምፅ ለውጦ የሚልክ፣ የመጣለትን ድምፅ ደግሞ ወደ ቁጥር የሚመልስ አስተርጓሚ ነው። ሳሪስ አቦ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ባለች የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ይህንን ለስንት ሰው እንዳስተማርኩ ፈጣሪ ይወቀው። ደመወዙ የረባ አልነበረም፤ ግን ጠዋት ተነስቼ፣ ለባብሼ፣ ከአቃቂ ታክሲ የምይዝበት ምክንያት ነበረኝ።

አባባ ሲታመም ያ ሁሉ ቀረ። አባባ፣ ማለትም አባቴ ካሳሁን፣ ዕድሜውን የጨረሰው አቃቂ ባቡር ጣቢያ ነው። የጣቢያውን ስልክ ይዞ ከሌሎቹ ጣቢያዎች ጋር እየተነጋገረ ለባቡር መንገድ የሚሰጥ ሰው ነበር። ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ደም ግፊቱ ግራ ጎኑን ወሰደው። እናቴ ቀድማ ሞታለች፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም። አንሺም፣ አጣቢም፣ አብሳይም፣ መድኃኒት ሰጪም እኔ ሆንኩ። ጎረቤት ባየኝ ቁጥር «ተባረኪ እምነትዬ» ይለኛል። እየተባረኩ ዕድሜዬ ሠላሳን አለፈ። በመንገዳችን ስንቅ ይዘው በአቅራቢያችን ወዳለው ማረሚያ ቤት የሚሄዱትን የእስረኛ ጠያቂዎች በመስኮት እያየሁ፣ እነዚህስ ጠይቀው ይመለሳሉ እያልኩ የቀናሁባቸው ቀን አለ። እንዲህ ያለ ቅናት ውስጥ ገብቼ ነበር።

ቤታችን በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንድ ክፍል ናት። በበሩ በኩል የአባባ አልጋና ቡፌው፤ በመጋረጃው ማዶ የእኔ አልጋና ማሠልጠኛው ሲያስወግድ የገዛሁት አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የስልኩ ሶኬት አባባ ራስጌ ስለሆነ ስልኩም ሞደሙም ቡፌው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከሞደሙ የሚወጣው ገመድ በመጋረጃው ሥር አልፎ ወደ እኔ ይመጣል። መስመሩ አንድ ነው። ኢንተርኔት ውስጥ ከሆንኩ የሚደውልልን ሰው ቢዚ ይልበታል፤ በመሀል ሰው ስልኩን ካነሳ ደግሞ ግንኙነቴ ይቆረጣል። ስልኩን ነቅዬ ልሥራ ብዬ አንዴ ሞክሬያለሁ። አባባ እጀታውን አንስቶ ጭር ሲልበት «መስመር ሞቷል! መስመር ሞቷል!» እያለ ጮኸና ከፊት ለፊት ባለሱቋ ሐጀራ ነጠላ ጫማዋን ጥላ እየሮጠች መጣች። በሽተኛ ሰው ነው፤ ስልኩ በሕይወት መኖሩን ካላወቀ አይተኛም። ሁለተኛ እንደማልነቅለው ማልኩለት።

የጅማውን ማስታወቂያ ያመጣችልኝም ይቺው ሐጀራ ናት። ለስኳር መጠቅለያ ከገዛችው ጋዜጣ ላይ አይታ፣ ቀድዳ፣ «እይው እስቲ፣ ያንቺ ነገር መሰለኝ» አለችኝ። ጅማ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍሉን ኔትወርክ የሚዘረጋና የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። መኖሪያ ቤት ይሰጣል። ማመልከቻና የትምህርት ማስረጃ የሚቀበለው በኢሜይል ብቻ ነው። ወረቀቷን ይዤ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኳት። እንዲህ ያለ ሥራ ለእኔ ዓይነት ሰው ሁለት ጊዜ አይመጣም።

አክስቴ ጠጄ፣ የአባባ ታናሽ እህት፣ ሥራውን ካገኘሁ ከሞጆ መጥታ ከእሱ ጋር ልትኖር ተስማማች። እሷ ደግሞ ነገር በሹክሹክታ ማውራት አታውቅም።

«እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ!» አለችኝ ልትጠይቀው የመጣች ቀን አልጋው አጠገብ ቆማ። «እዚህ ተቀምጠሽ ልትሻግቺ ነው እንዴ?»

አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጅማ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ማስረጃዎቼን ሳሪስ ሄጄ ስካን አስደርጌ በፍሎፒ አመጣሁ። ለዚያች ሰዓት ሐጀራ ሱቋን ዘግታ አባባን ጠብቃልኛለች። እዚያው ኢንተርኔት ቤት ተሰልፌ ልላከው ብል ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ግማሽ ቀን አባባን የሚይዝልኝ ሰው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ያለኝ ተስፋ የቤቴ ሞደም ብቻ ነበር።

ሞደም ሲደውል ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ያዛጋል፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ይመታል፣ ከዚያ ማዶ ያለው ሞደም ሲያነሳ ሁለቱ መጮህ ይጀምራሉ። ፉጨት፣ ስንጥቅጥቅ፣ ሹክክ። ተማሪዎቼ ጆሯቸውን ሲይዙ «ሰላምታ ነው፣ በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ እየተስማሙ ነው» እላቸው ነበር። ከተስማሙ በኋላ ድምፅ ማጉያው ዝም ይላል፤ ጩኸቱ ግን ሽቦው ውስጥ ይቀጥላል። ያኔ ዩዘር ኔምና ፓስወርድ እሰጣለሁ፣ ማዶ ያለው ሰርቨር ያስገባኛል፣ ፋይሌ ጠብ ጠብ እያለ መሄድ ይጀምራል።

ይጀምራል፤ አያልቅም። ትንሽ እንደሄደ ይቆረጣል። እንደገና እደውላለሁ፤ ደግሞ ይቆረጣል። ክረምት ነበርና፣ አባባም የተኛ ስለሚመስለኝ፣ መጀመሪያ ዝናቡን አማረርኩ። ቀጥሎ ሽቦውን፣ ቀጥሎ ሞደሙን። ቅንብሩን ለዋወጥኩ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግኩ፣ ገመዱን በፕላስተር ጠቀለልኩ። «ተቆረጠ! አሁንም ተቆረጠ! የተረገመ!» እያልኩ ብቻዬን ስጮህ ለሰማኝ አብጃለሁ። ማመልከቻው የሚዘጋበት አርብ ደረሰ። ከኮሌጁ የሥራ ሰዓት የቀረው ከሰዓት በኋላው ብቻ ነበር።

የዚያን ቀን እንደገና ደወልኩ። ሞደሙ ጮኸ፣ ተስማማ፣ ፋይሉ መሄድ ጀመረ። ከመጋረጃው ማዶ ግን ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። ስክሪኑ ላይ ግንኙነቱ ተቋርጧል የሚለው መልእክት ወጣ። ብድግ ብዬ መጋረጃውን ገለጥኩት።

አባባ እጀታውን ጆሮውና ትከሻው መሀል ይዞ፣ በደህና እጁ እጀታው የሚቀመጥበትን ቁልፍ ደጋግሞ እየመታ ነበር።

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ሳምንት፣ ያ ሁሉ እርግማን፣ ዝናቡም ሽቦውም በከንቱ ተሰድበዋል።

«አንተ ነህ!» አልኩት። «ለካ አንተ ነህ የምትቆርጠው! አብሬህ እዚህ አልጋ ሥር እንድሞትልህ ነው የምትፈልገው? ንገረኝ፣ እሱን ነው የምትፈልገው?»

አባባ እጀታውን ሳይለቅ ቀና ብሎ አየኝ። ነገሩ አልገባውም።

«ምን አልሽ?»

«ጅማ እንዳልሄድ ነው ስልክ የምታነሳው!»

«እኔ?» አለ። «እኔማ መስመርሽን እየጠረግኩልሽ ነው።»

አንደበቱ ከታመመ ወዲህ ከበድ ስለሚል ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ ቀጠለ።

«ይቺ ሳጥን መጮህ ትጀምራለች። ትንሽ ቆይተሽ ተቆረጠ እያልሽ ትራገሚያለሽ። ክረምት ሲገባ እኛም ዘንድ እንዲሁ ነበር። ሞጆን ስጠራ መስመሩ ውስጥ ፉጨት ይገባል፤ ሰውየው የሚለው አይሰማም። ያን ጊዜ ይቺን መታ መታ፣ መታ መታ ታደርጊያታለሽ። ጫጫታው ይለቃል። መስመር ሳይጠራ ባቡር አይለቀቅም። አሁንም አንስቼ ሳዳምጥ ጉድ ነው የሚጮኸው። ቀን በቀን እጠርጋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬስ ገና ሲጀምር ደረስኩበት ብዬ ነበር።»

«ለምን?» አልኩት፤ ድምፄ እንደ ቅድሙ አልወጣም።

«ጅማ እንድትሄጂ ነዋ!» አለ ተቆጥቶ። «በእግሬ ቆሜ አልሸኝሽ። በእጄ እንኳ መስመርሽን ልጥረግልሽ ብዬ ነው። ምናልባት አባትሽ ክፉ መሰልኩሽ?»

ያንን ሁሉ ቁጣ ይዤ የምሄድበት አጣሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ወደ ግድግዳው ፊቱን ያዞረ ቀን እያለቀሰ ኖሮ ይሆናል፤ እኔ ኩርፊያ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው፤ እውነቱን ካልነገርኩት ደግሞ ጠረግኩ ብሎ ይቆርጠዋል።

«አባባ፣ እዚህኛው ላይ ጫጫታው ብልሽት አይደለም» አልኩት። «ወሬው ራሱ እሱ ነው። ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩት በዚያ ጩኸት ነው። አንተ ስታነሳው ይደነጋገራሉ፤ ስትመታው ይለያያሉ።»

እጀታውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«ደህናውን ወሬ ነዋ ስደበድብ የከረምኩት» አለ። ከዚያ ያንን ደህና እጁን ጭኑ ሥር አስገብቶ ተጫነው፤ እንደማያምነው ሰው።

እንዲያ ሆኖ ሳየው አላስቻለኝም። ሥራ ልስጠው ብዬ ሞደሙን በጣቴ አሳየሁት። ፊቱ ላይ ትንንሽ ቀይ መብራቶች አሉት፤ ስሠራ እለኩሰዋለሁ፣ ስጨርስ አጠፋዋለሁ።

«ይኸውልህ፣ ቀይ ሲበራ መስመሩ ተይዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ማንም ስልኩን እንዳያነሳ ትጠብቅልኛለህ። እኔም ብሆን፣ ሐጀራም ብትሆን።»

ዓይኑ ተገለጠ። ትራሱ ላይ ቀና አለ።

«ቀይ?» አለ። «ቀይማ የኔ ነው። ቀይ በርቶ በገዛ ሥልጣኑ የሚያልፍ ሰው የባቡር ሰው አይደለም።» ትንሽ አሰበና ጠየቀኝ፤ «ቀይ በርቶ ሰው ቢደውልስ?»

«አይደውልም» አልኩት፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ የጠየቀኝ ያህል ቀልጠፍ ብዬ። «መስመሩ ከተያዘ ለደዋዩ ቢዚ ነው የሚለው። እኛ ጋ አይጮኽም።»

ተመልሼ ደወልኩ። ሞደሙ ሲጮኽ አባባ ከመጋረጃው ማዶ «አይዞሽ፣ በርቷል» አለኝ። ፋይሉ ጠብ ጠብ አለ፤ ግማሹን አለፈ፤ ሄደ።

«ደረሰ?» አለ።

«ደረሰ አባባ!»

ከልቡ ሳቀ። የዚያን ቀን ሁለታችንም ምሳና እራት በልተን እንደሆነ አላስታውስም።

መልሱ በኢሜይል መጣ። ከብዙዎች መሀል አንቺንና አንድ ሌላ ሰው መርጠናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሰጣችሁን ስልክ ደውለን ሁለታችሁንም እናነጋግራለን ይላል። በደስታ ሐጀራ ሱቅ ድረስ ሮጥኩ። አክስቴ ጠጄ ደግሞ እዚያ ሞጆ ዕቃዋን ማሰር ጀመረች። አባባ እጄን ይዞ ሲስመኝ ጢሙ ወጋኝ።

ያቺ ሳምንት ግን እስር ቤት ነበረች። ቀኑን አልነገሩኝም፤ ስለዚህ ከስልኩ አጠገብ መንቀሳቀስ የለም። ገበያ አልሄድኩም፣ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፣ ሽንት ቤት እንኳ በሩጫ ነበር። ኢንተርኔት ልግባና ምናልባት ቀን ጽፈውልኝ እንደሆነ ልይ ብል መስመሩን እይዝባቸዋለሁ፤ አልገባም ብል የጻፉትን አላይም። አንድ ሽቦ ላይ ሁለት ጉዳይ ተሰቅሎ እኔን መሀል ላይ አንጠልጥሎኝ ነበር። ስልኩ ሲደውል ልቤ ይወልቃል፤ አንዴ የተሳሳተ ቁጥር፣ አንዴ አክስቴ፣ «እስካሁን አልደወሉም?» ልትለኝ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የቢሮ ሰው ሁሉ አሁን ምሳ ላይ ነው፤ ማንም አይደውልም፤ በዚህች ክፍተት ፈጠን ብዬ ኢሜይሌን ልይ አልኩ። ሞደሙን ለኮስኩት። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ስጠብቅ ከውጭ የሐጀራ ድምፅ መጣ።

«እምነት! ውኃ መጥታለች! ቶሎ በይ፣ ልትሄድ ነው!»

ውኃ ከጠፋች ሰንብታለች። የአባባ አንሶላ ሳይታጠብ ቆይቷል፤ ለሱ ገላም በርሜሉ ውስጥ የቀረች ጠብታ የለችም። ጀሪካኖቹን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ያለችን ሐጀራ ሱቅ ጓሮ የምትገኘዋ አንዲት ቧንቧ ብቻ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፏል፤ ውኃዋ ደግሞ እንደ ክር ቀጥና ነው የምትወርደው። ወረፋዬን ትቼ ልመለስ አልኩ፤ ደግሞ ምሳ ሰዓት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጀሪካኖቹን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ስገባ አባባ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን ከቡፌው አልነቀለም። ፊቱ ላይ ከታመመ ጀምሮ ያላየሁት ኩራት ነበር።

«ደወለ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ስልኩ። አሁንም አሁንም ደወለ። አላነሳሁትም።»

ቡፌውን አየሁ። ሞደሙ በርቷል። እኔ ገና አልደወልኩበትም፤ መስመሩ አልተያዘም፤ የበራችው ኮረንቲ መኖሩን የምታሳየዋ መብራት ብቻ ናት። እሷም ቀይ ናት።

«አባባ . . . ሲደውል ለምን . . .»

«ቀይ በርቶ አይደውልም ብለሽኝ ነበር» አለ። «ደወሉ ይጮሃል፣ ቀዩ ደግሞ በርቷል። ደወልና የሲግናል መብራት ሲጣሉ ሲግናሉን ነው የምናምነው። እንደዚያ ነው የተማርነው። እጄ ሊነሳ ሊነሳ ሲል ያዝኩት።»

እጁ አሁንም ጭኑ ሥር ነበር።

እዚያው ከፊቱ ስልክ አንስቼ ጅማ መደወል አልቻልኩም። «የረሳሁት ነገር አለ» ብዬ ወደ ሐጀራ ሱቅ ተሻገርኩ። ሐጀራ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ስልኳን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ከብዙ ሙከራ በኋላ ገባልኝ። ያነሳው ሰው በጨዋ ድምፅ አስረዳኝ፦ አነጋጋሪዎቹ አንድ ላይ የሚገኙት ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ስለሆነ ያኔ ነው የደወሉት፤ ደጋግመው ሞክረው ማንም አላነሳም፤ ሌላኛው አመልካች ግን ወዲያው አነሳ፤ አነጋገሩት፤ ተስማሙ።

«እባክዎን» አልኩት፤ «ቤት ውስጥ በሽተኛ አለ፣ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነው፤ አሁን ያነጋግሩኝ፣ የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

«እኔም አዝናለሁ እህቴ፣ ደብዳቤው ተፈርሟል» አለ። ከዚያ ሊያጫውተኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ለኔትወርክ ባለሙያ ስልክ አለማንሳት ግን አይሆንም» ብሎ ሳቅ አለ።

ዘጋሁት። ሐጀራ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ ዱካ አቀረበችልኝ። አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ የምነሳ አልመሰለኝም። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ዓይኔ ቀልቶ ብገባ አባባ ያውቃል። ካወቀ ደግሞ ያ እጁ ከጭኑ ሥር ዳግመኛ አይወጣም።

ስገባ እንደተውኩት ነበር፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መብራቷን ይጠብቃል።

«ጅማዎች ነበሩ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ሐጀራም ጋ ደውለው ነበር።»

«እንኳን አላነሳሁት!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥሩ ጠበቅኩልሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ጥሩ ጠበቅክልኝ፣ አባባ።»

ከአፌ የወጣችው ይህች ብቻ ናት፤ ከእንግዲህ እውነቱን ለማንም ልነግረው እንደማልችል፣ ለአክስቴም ጭምር ሌላ ምክንያት መፈለግ እንዳለብኝ ያኔ ገባኝ። ወደ ቡፌው ሄጄ ሞደሙን አጠፋሁት።

«ለምን ታጠፊዋለሽ?» አለ ደንግጦ። «አብሪው እንጂ። እነሱ ዝም ካሉ ሌላም ቦታ ላኪ፣ ድሬዳዋም ላኪ፣ የትም ላኪ። እኔ አለሁልሽ፤ ቀዩ በርቶ ማንም አያነሳውም።»

መልሼ አበራሁለት። ከዚያ ደጃፍ ላይ የተውኳቸውን ጀሪካኖች ላስገባ ወጣሁ።